ዳመኔ ሳይሞት

ቅመም የጉጉትን እጅ የያዘችው ዳመኔ ገና ሳይሞት ነበር።

እንዲያውም በዚያች ደቂቃ ለሞት የሚያሰጋ ምንም ነገር አልነበረም። ዳመኔ፣ ያ ግራጫው ባለ ክንፍ ዘንዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ጋላቢዋ ልጅ አንገቱን ትደባብሰዋለች። ሙዚቃው እንኳን ለስላሳ ነው። ጉጉት ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ፈገግ እንዳለች የቅመም ጣቶች መጥተው እጇን ጥብቅ አደረጉት። «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» ብላ ቀና ስትል፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ትልቅ መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቅመም ቴሌቪዥኑን እያየች አልነበረም። የምታየው ጉጉትን ነው።

ከዚያ ጦሩ መጣ። ከየት እንደተወረወረ ሳይታወቅ የዳመኔን ደረት በሳው።

«እንዴ!» ጉጉት ከወንበሯ ተፈናጠረች። «አይሆንም! ኮሚኩ ላይ እኮ አይሞትም!»

«ውይ! ውይ በናታችሁ!» አለች ቅመም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና። ትንሽ ዘገየች።

«ያ እንሽላሊት ሞተ?» አለች የጉጉት አክስት፣ ማበጠሪያዎቿን እያጠበች። «እሰይ! ከጩኸቱ ተገላገልኩ።»

ፀጉር ቤቱ የአክስቷ ነው። እሁድ ከሰዓት ደንበኛ ስለማይኖር ሁለቱ ልጆች የደንበኛ ወንበር ላይ ተንፈላስሰው በትልቁ ቴሌቪዥን ያሻቸውን ያያሉ። አዲሱ ክፍል የሚለቀቀው ግን ሐሙስ ነው። ከሐሙስ እስከ እሁድ ያለውን ጣጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉጉት (በመነጽሯ ምክንያት የወጣላት ስም ነው) ከክፍል ጓደኞቿ የስልክ ግሩፕ ወጥታለች። አንድ ሰው «ዳመኔ» ሲል ከሰማች ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ትከትታለች። ዓርብ ዓርብ የዕረፍት ሰዓቷን የምታሳልፈው ቤተ መጻሕፍት ተደብቃ ነው። ይህ ሁሉ ስለ ቃላቸው ነው። የኮሚኩን የመጀመሪያ ቅጽ በጋራ የገዙ ዕለት «አንዷ ሳታይ ሌላዋ ገጽ አትገልጥም» ተባብለዋል፤ ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣም ያው ቃል ቀጠለ።

ከፀጉር ቤቱ ሲወጡ ጉጉት አልቻለችም፤ ጠየቀች። «ቀድመሽ አይተሽዋል እንዴ?»

«ምኑን?»

«ክፍሉን ነዋ።»

«አንቺ ደግሞ! ያላንቺ? እናቴን! አላየሁም።»

እናቴን ካለች በኋላ ምን ይባላል? ጉጉት በጥርጣሬዋ አፈረች። እቤቷ እስክትደርስ ድረስም በራሷ ተናደደች።

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት የዳመኔ ወዳጆች ሁሉ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ነበር። መሐላቸው የተቀመጠው ካርቱን ነው፤ ከደብተሩ ይልቅ ኮሚክ የሚበዛበት ልጅ።

«አቦ፣ ቲቪዎቹ ታሪኩን ገደሉት!» ይላል። «ኮሚኩ ላይ እስከ መጨረሻው ቅጽ አለ እኮ!»

«ዘንዶ በኮምፒውተር መሥራት ውድ ስለሆነ ነው» አለች አንዷ ረጅም ልጅ። «በርካሽ ተገላገሉት።»

«የስልኩ ጌምስ ነገር?» አለ ሌላ ልጅ። «ለዳመኔ ኮርቻ ብዬ ስንት ጊዜ የለፋሁት ሜዳ ላይ ሊቀር ነው?»

ጉጉት ሳቀች። ሰኞ ሰኞ ደስ ይላታል፤ ጆሮዋን ሳትደፍን የምትውልበት ቀን ነው። ቅመም ከጎኗ ቆማ ነበር፤ ጨዋታ ሁሉ የሚጥመው በእሷ ነው የሚባልላት ልጅ ዛሬ ግን አፏን ዘግታለች።

«እኔ ያልገባኝ» አለች ጉጉት፣ «ያ ጦር ከየት ነው የመጣው?»

«ቅመምን ጠይቂያት!» አለ ካርቱን። «ማን ያውራ የነበረ! ሐሙስ እኛ ቤት ወደ ኋላ እየመለሰች አሳይታናለች። ከዛፉ ጀርባ አንድ ሰው አለ። ስታለቅስማ ሶፋችንን አራሰችው!»

ጉጉት ወደ ቅመም ዞረች። ቅመም የጫማዋን ማሰሪያ ታይ ነበር።

ካርቱን ምስኪን ምንም አልገባውም። «ደግሞ አንቺን ስታስመስል!» ብሎ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ከቶ ዓይኑን አፈጠጠ። «"አትንገሩኝ! አትንገሩኝ! እሁድ ገና ነው!" ስትል በሳቅ ነው የገደለችን።»

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም ሳቃቸው። ጉጉትም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ቅመም ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «ጉጉትዬ፣ ቆይ። ቆይ ስሚኝ።»

«እናቴን ብለሽ ማልሽልኝ።»

«እንዳትከፊ ብዬ ነዋ!»

«ሙድ ያዝሽብኝ። ከነሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ሙድ ያዝሽብኝ።»

«ቀልድ ነው እኮ…» ቅመም ግድግዳውን ተደገፈች። ዓይኗ ዕንባ አቅሯል። «ሁሉም ሐሙስ ያያሉ፣ ዓርብ ያወራሉ። እኔ ካንቺ ጋር ቤተ መጻሕፍት ተደብቄ! ሰለቸኝ። ላንቺ እኔ ብቻ እበቃሻለሁ። እኔ ግን ሌላም ሰው እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ "ሐሙስ ልየው" አትዪኝም ነበር?»

«እሺ ትዪኝ ነበር?»

ጉጉት እሺ አትልም ነበር። ታኮርፍ ነበር፣ ያውም ለሳምንት። ይህን ማወቋ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

«የመጨረሻውን ክፍል አብረን እናየዋለን» አለች ቅመም። «እሁድ። ንክች አላደርገውም። እናቴ—»

«እንዳትምዪ!» አለቻት ጉጉት። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

ሳምንቱን ሙሉ አንጀቷ እርር ድብን እንዳለ ከረመች። ቅመም ክፍሉን ቀድማ ማየቷ አልነበረም የሚያንገበግባት። ሙድ መያዟም ቢሆን ያልፋል። የማያልፈው ያ መስታወት ነው። እሷ ዳመኔን እያየች የምሯን ፈገግ ስትል፣ ቅመም አጠገቧ ቁጭ ብላ እሷን ታይ ነበር። እንደ ቴሌቪዥን።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የእናቷን ስልክ ተውሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ የሰዎቹ ፊት ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። የመጨረሻውን ክፍል ከፈተችው። መጨረሻው ላይ ጋላቢዋ ልጅ ዳመኔ የተቃጠለበትን አመድ በእጇ ስትዝቅ አንድ ሞቃት ዕንቁላል አገኘች። ጉጉት «አየሽ?!» ብላ ወደ ቀኝ ዞረች።

ቁም ሣጥኑ ብቻ ነበር።

እሁድ አክስቷ እንደ ወትሮው ሁለቱን ወንበሮች አጠጋግታ ጠበቀቻቸው። ቅመም ብስኩት ይዛ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ መጣች።

«አላየሁም» አለች ጥጡን እያወጣች። «ከግሩፑም ወጥቻለሁ። ካርቱን ሊነግረኝ ሲል በቦርሳ ነው ያልኩት።»

እውነቷን ነበር። ጉጉት ፊቷን አይታ አወቀች። ግን ውስጧ የተዘጋጀውን ዓረፍተ ነገር አልዋጠችውም።

«እኔ አይቼዋለሁ። ሐሙስ።»

«ያለኔ?»

«ያላንቺ።»

ይህን ስትላት ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ ምንም ደስ አላላትም። ቢሆንም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ቁጭ ብለሽ እዪ» አለቻት። «ምንም አልነግርሽም።»

አክስቷ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «ምን ሆናችኋል እናንተ?»

«ምንም አልሆንንም እትዬ» አለች ቅመም ቀስ ብላ፤ ወንበሯ ላይም ተቀመጠች።

ጉጉት የታጠቡትን ፎጣዎች ከነቅርጫቱ አንስታ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ማጠፍ ጀመረች። ጦርነቱ አለቀ፣ ሙዚቃው ዝቅ አለ፣ ጋላቢዋ ልጅ አመዱ አጠገብ ተንበረከከች። ጉጉት ቀጥሎ የሚሆነውን ስለምታውቅ ቀና ብላ መስታወቱን አየች።

ቅመም አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ቴሌቪዥኑን ታያለች። እጇ ግን ሳይታወቃት ከጉልበቷ ተነስቶ ወደ ጎን ሄደ። አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር የክንድ መደገፊያ ዳሰሰ፣ የሚይዘው ፈለገ፣ አጣ። እዚያው ተዘርግቶ ቀረ።

ጉጉት የያዘችውን ፎጣ አጥፋ ጨረሰችና ቁልሉ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከቅርጫቱ ሌላ አነሳች።