ያልሞተው ጠቦት

ጠቦቱ ኮምቦልቻ ላይ ታርዶ ከተበላ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር። የአንጎሉ ቁራጭ ግን ደሴ፣ እኔ ዘንድ፣ በመስታወት ሳህን ውስጥ ይኖር ነበር።

ራሂማ እባላለሁ፤ የደጋን ልጅ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የአንጎል ሕዋሳትን እለያያለሁ፤ ነርቮቹን ወደ አንድ ሳህን፣ እነሱን ደግፈው የሚይዙትን ግሊያዎች ወደ ሌላ። ግሊያዎቹ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ነርቮቹ ግን በተለዩ በማግስቱ ያልቁብኝ ነበር። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሳያቸው፣ ክብ ክብ ብለው ሞተው፣ የፈጠጠ ዓይን ይመስሉኛል። ብቻዬን ስሆን ጀርባዬን ለሳህኑ አልሰጥም።

አማካሪዬ ዶክተር ስለሺ የመጨረሻ ዕድል ሰጡኝ። «አሁን ሰባት ቀን ካልቆዩ ጥናቱ ይዘጋል» አሉኝ። ከተዘጋ ደጋን እመለሳለሁ፤ አባቴ ለሀፊዝ ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። ሀፊዝ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን የምወደው ስማቸው የሚባል ወጣት ነው።

ስማቸው የኩታበር ቄስ ልጅ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ቄራ ውስጥ፣ በክርስቲያኑ በኩል ያርዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ የጠቦት አንጎል በበረዶ ሣጥን ይዞ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ይመጣል። ሲያቀብለኝ ጣቶቻችን ይነካካሉ።

«የባለፉትስ እንዴት ናቸው?» ይለኛል፣ እንደ በሽተኛ ጠያቂ።

«ሞቱ።»

አንገቱን ይደፋል።

የመጨረሻው ማክሰኞ ራሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በቄራው የሙስሊሙ ክፍል ጎህ ሲቀድ ያርዳል፣ የክርስቲያኑ ፀሐይ ከወጣ በኋላ። ስማቸው አንድ ጠቦት አርዶ ቢላዋውን ጠረገና፣ ትኩሱን ጭንቅላት ትቶ ወደ ሙስሊሙ ክፍል ተሻገረ። ከንጋት ጀምሮ የተቀመጠ ሌላ ጭንቅላት አነሳ።

«ይሄ እኮ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤ ነርቮቹ ቶሎ ነው የሚሞቱት!» ብዬ ጮህኩ። «የራስህን ለምን አትወስድም?»

አፈረ። «ሁሌም የእናንተን ነው የማመጣልሽ። እኔ ያረድኩትን እንዴት በእጅሽ ትነኪያለሽ ብዬ።»

«ወላሂ ስማቸው! ልበላው መሰለህ?»

ሳቄም ልቅሶዬም አብረው መጡ። አራት ወር ሙሉ፣ እኔን አከብራለሁ ብሎ፣ ሕዋሳቴን ሲጨርስ ኖሯል።

የዚያን ቀን እሱ በስመ አብ ብሎ ያረደውን አንጎል በሣጥን ታቅፌ ተመለስኩ። ሐረጎ ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ በረዶው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ነርቮቹ አላለቁም። በሦስተኛው ቀን ክር አወጡ፤ በአምስተኛው ክሮቹ ተገናኙ። በሰባተኛው ቀን ሕያው ሕዋስ ሲሠራ የሚያበራ ቀለም ጨመርኩና ስማቸውን ጠራሁት። ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ሁሉም በአንዴ ብልጭ አሉ። ጠፉ። ደግሞ ብልጭ አሉ። ማንም አልነካቸውም።

«ይሄ ያ ጠቦት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ አርጄዋለሁ፣ ራሂማ። በዚህ እጄ። ታዲያ እንዴት አልሞተም?»

«ጠቦቱስ ሞቷል። እነሱ ገና አልሰሙም።»

እጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩት። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አባቴን የምፈራውን ያህል ግን አልነበረም። እጁን ሳልለቅ ደጋን ደወልኩ።

«አባዬ፣ ጥናቱ ተሳክቷል። ሀፊዝን አላገባም፤ ሌላ የምወደው ሰው አለ። የቄስ ልጅ ነው።»

አባቴ ወደ ጓሮ ሲወጣ የበጎቹ ድምፅ ተሰማኝ።

«ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ቢልኩ እኔ ያረድኩትን አይበሉም» አለ በመጨረሻ።

«አይበሉም፣ አባዬ።»

«እንግዲያ አራጃቸውን ይዘው ይምጡ። በጉን እኔ አቀርባለሁ። ለሀፊዝም እኔ እነግረዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አሉ?» አለኝ ስማቸው።

«አራጃችሁን ይዛችሁ ኑ ብሏል» አልኩት፣ እያለቀስኩ።

ዞር ብሎ ሳህኑን አየው።

«እመጣለሁ» አለኝ። «የሚያርደው ግን ሌላ ሰው ይሁን።»