ከማጣሪያው ጀርባ

ኢንስፔክተሯ ወደዚያ ቤት ስትገባ የሕፃኗ አልጋ እንደተዝረከረከ ነበር። ሚጡ ነበር የሚሏት፤ አስም ያለባት፣ ገና ኮልታፋ ልጅ። እናቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ሞግዚቷ ናት የገደለችብኝ» ስላለች ሦስቱንም ሳሎን አስጠርታቸዋለች። እናት መስኮቱ ሥር፣ አባት በሩ አጠገብ፣ ሞግዚቷ ግድግዳ ተደግፋ። አንዱ ሌላውን አያይም። ኢንስፔክተሯ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሷም ቤት ሬዲዮ ካልተከፈተ ድምፅ የለውም።

«ሐኪሞቹ መርዝ አላገኙም» አለች። «አስሙ ተነስቶባት ነው።»

«ታዲያ ማን አስነሳባት?» አለች እናት። «ከሞግዚቷ ጋር ስትውል አታስልም። እሷ እሁድ ዕረፍት ስትወጣ ልጄ ትታመማለች። ከመውጣቷ በፊት የሆነ ነገር ትሰጣታለች ማለት ነው! ባለፈው እሁድም እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከአባቷ ጋር እያለች አመለጠችኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሞግዚቷን ሚጡ ትተኛበት ወደነበረው ጓዳ ወሰደቻት።

«ምንም አልሰጠኋትም» አለች ሞግዚቷ እንባዋን እየዋጠች። «እዚህ አገር ከሚጡ ሌላ ማን አለኝ?»

«ቀኑን እንዴት ነበር የምትውሉት?»

«መስኮት ከፍተን እንጫወታለን። ኤሲው ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ ለእኔ አይስማማኝም፣ ራሴን ያመኛል። እትዬ ሲወጡ አጠፋዋለሁ።»

«ከእሁድ ወዲህ እዚህ ገብተሻል?»

«ማን አስገብቶኝ! እትዬ ልብሴን እንኳ ከበር ላይ ነው የሰጡኝ።»

ኤሲው ከሚጡ አልጋ በላይ ተሰቅሏል። ኢንስፔክተሯ ወንበር ላይ ወጥታ ክዳኑን አነሳችው። የአየር ማጣሪያው ነጥቶ ወተት መስሏል፤ ዳር ዳሩ ገና እርጥብ ነው፤ በረኪና ይሸታል። አውጥታው በስልኳ መብራት ውስጡን ስታይ ግን ማራገቢያው ላይ ጥቁር ሻጋታ ተጋግሯል። በሶፍት ነካ ስታደርገው ሶፍቱ ጠቆረ።

አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ጥቁር ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አለው።

ልጅቷን ለመረመረው ሐኪም ደወለች። ሳሎን ስትመለስ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሁድ እሁድ የሚለወጠው ሞግዚቷ ብቻ አይደለችም፤ ኤሲውም ነው። እሷ ስታጠፋው ልጅቷ ትተነፍሳለች፤ ሲበራ ይህን ሻጋታ ይነፋባታል። ጤነኛ ሰው ቢያስነጥሰው ነው፤ አስም ያለበትን ልጅ ግን ሊያፍን ይችላል፤ ሐኪሙም ያለኝ ይህንኑ ነው።»

«አላወቅንማ!» አለች እናት።

«አንድ ሰው አውቋል። ማጣሪያው ከሞቷ በኋላ በበረኪና ታጥቧል። ሞግዚቷ በሩ ተዘግቶባታል። እርስዎ ሰሞኑን የት ነበሩ?»

«ከቀብሩ ወዲህ እህቴ ዘንድ ነኝ» አለች እናት።

ኢንስፔክተሯ ወደ አባትየው ዞረች። «በረኪና ጥቁር ልብስ ላይ ሲፈናጠቅ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ሰውየው ሱሪውን በእጁ ሊሸፍን ሞከረ፤ ከዚያ ተወው።

«ኤሲውን የሚጠግነው ባለሙያ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ውስጡ ሻግቷል፣ ሳይጸዳ ልጅ ያለበት ክፍል እንዳታበሩት ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ረሳሁት። ያን ቀን ሙቀቱ ከብዷት አለቀሰች፤ አበራሁላት። እኔንም እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጭጭ ብላለች። ተመችቷት መስሎኝ... ደስ ብሎኝ ነበር።»

«መርሳቱን ሕግ ያየዋል» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። «ማጣሪያውን ሲያጥቡ ግን አውቀዋል። አውቀውም ሞግዚቷ በነፍስ ግድያ ስትጠረጠር አፍዎን ዘግተዋል።»

ኢንስፔክተሯ ደጅ ያለውን ፖሊስ ጠራች፤ ሰውየው ሚስቱን ሳያይ ወጣ።

ሞግዚቷ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። «እንግዲህ ልሂድ፣ እትዬ?»

እናትየው አንገቷን ቀና ማድረግ አቅቷት ወለሉን እያየች፣ «አትሂጂ» አለች። «ሚጡን ከእኔ በላይ የምታውቂያት አንቺ ነሽ። ቀን ቀን ምን ትል ነበር? ንገሪኝ።»