አራስ ያለበት ቤት

«ጠፍቷል!» አለች አስካለማርያም የምድጃውን አመድ በእንጨት እየቆፈረች። «ፍም የሚባል ነገር የለም። ማታ ማን ነበር ያዳፈነው?»

ብርቅዬ መልሱን ታውቀዋለች። ማታ አኩርፋ ስለነበር ረመጡ ላይ አንድ እፍኝ አመድ ጣል አድርጋ ነው የተኛችው። የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ሌሊቱን በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ የቀረውን ጨረሰው።

«ዝናቡ ነው» አለች።

«ዝናቡማ ሥራውን ሠራ። አንቺስ?» እናቷ የተሰበረ ገል አንስታ ሰጠቻት። «በይ ሂጂና እሳት ጫሪ።»

«ከየት?»

«ከየት ትለኛለች! ከእነ ዱሬቲ ነዋ። ጭስ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።»

«ከእነ ጀይሉ ባመጣስ?»

«ወንዙ ሞልቷል። ለአንዲት ፍም ብለሽ ልትወሰጂ ነው?» አስካለማርያም ድምጿን ቀነስ አደረገች። «ሰው የሚያወራውን እኔም ሰምቻለሁ። ባንዳም ቢሆን እሳቱ ያው እሳት ነው። ሂጂ።»

ብርቅዬ ገሉን ይዛ ወጣች። መንገዱ አጭር ነበር፤ እግሯ ግን አስረዘመው።

ነገሩ የሆነው ፋሲካ እንዳለፈ ነው። የዱሬቲ አባት ቱሉ ጣሊያን በሚያሠራው የጅማ መንገድ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ወዶ አልሄደም። ሰው ለሥራ ሲታፈስ የኮልፌ ወንዶች በየባሕር ዛፉ ውስጥ ሲሸሹ፣ እሱ እርጉዝ ሚስቱን ጥሎ መሮጥ አቃተውና ተያዘ። እዚያ ከሚሰጠው ፓኞታ፣ ከዚያች ድንጋይ ከምታህል የጣሊያን ዳቦ፣ ለልጁ ያተርፍላታል። አንድ ቀን ዱሬቲ ምንጭ ዳር ግማሹን ቆርሳ ለብርቅዬ ሰጠቻት። ብርቅዬ ርቧታል። በላች። ጣፈጣትም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ዳቦው ከጉሮሮዋ ሳይወርድ እነ ፋሪዳ ደረሱ። የፋሪዳን ዓይን ምንም አያመልጠውም።

«አፍሽ ላይ ያለው ምንድን ነው ብርቅዬ?» አለች፤ ከዚያም ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «የአርበኛ ልጅ የጣሊያን ዳቦ ትበላለች እንዴ?»

ሌሎቹ ልጃገረዶች ሳቁ። የብርቅዬ አባት ዱር ከገባ ከርሟል፤ ቤት ውስጥ እንኳ ስሙን ጮክ ብሎ የሚያነሳ የለም። የብርቅዬ ኩራት ግን ሁሉም እሱ ነው። ያ ኩራት በዳቦ ፍርፋሪ ሲዋረድ ታያት። ምላሷ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ የሚነቃ ነው።

«እኔ አልበላሁም» አለች አፏን እየጠረገች። «እሷ ናት ላጉርስሽ እያለች የምትታገለኝ። የባንዳ ልጅ አይደለች? በዳቦ ልትገዛን ነው!»

ዱሬቲ የቀረችውን ግማሽ ዳቦ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ይኼኛው ግን ቶሎ ታወቀ። ጥቂት ሳይቆይ ከእነ ዱሬቲ ቤት ወንፊት የሚዋስ ጠፋ። ማኅበር የሚጠራቸውም ጠፋ። በደጃቸው የሚያልፍ ሰው ወሬውን አቋርጦ ያልፋል። ብርቅዬ በየጠዋቱ ከእንቅልፏ ስትነሳ፣ «ያለፈ አለፈ፤ ዛሬ ሌላ ቀን ነው» ትላለች። መርሳት ታውቅበታለች። ቀኑ ለእሷ በየጠዋቱ አዲስ ይሆንላታል። ለእነ ዱሬቲም ይሆን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

«ቤቶች!» አለች ደጃቸው ላይ ቆማ።

ዱሬቲ ብቅ አለች። ከስታለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ እጆቿ ዱቄት በዱቄት ናቸው።

«ምን ፈለግሽ?»

«እሳት ጠፍቶብን ነበር።» ብርቅዬ ገሉን አሳየቻት።

«እሳት አይወጣም።»

«እሺ፣ ቂም ከሆነ ቂም ነው በይ! እሳት ይከለከላል እንዴ?»

«አራስ አለ» አለች ዱሬቲ። «አራስ ካለበት ቤት እሳት እንደማይወጣ ጠፋሽ?»

አልጠፋትም። ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ከእንዲህ ያለ ቤት ማንም እሳት አይጭርም።

«እናትሽ ወለዱ? መቼ?»

«እሁድ። ወንድ ነው።»

«እኛ እኮ እልልታ አልሰማንም!»

«ማን እልል ይበል?» አለች ዱሬቲ።

ድምጿ ቁጣ አልነበረውም። ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል የሚባልበት ሰፈር ነው፤ በወሰን የተጣሉ ሴቶች እንኳ ለእልልታው ይሮጣሉ።

«ማን አዋለዳቸው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ማን ነበረና? እኔ ነኝ የያዝኳት። አባዬ መንገዱ ላይ ነበር።» ዱሬቲ እጇን አየት አደረገችው። «የምትሞት መስሎኝ ነበር።»

ከውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ። «ማናት ዱሬቲ?»

«ማንም አይደለችም!»

«ብርቅዬ ናት እንጂ፤ ድምጿን አጣዋለሁ? ትግባ» አሉ እናቷ አዴ ብርሃኔ። «የትናንቱን ለትናንት ተዪው ልጄ። ዛሬ የመጣ ሰው የዛሬ ነው።»

ዱሬቲ ከበሩ አልተነሳችም። «እማዬ ትተዋለች» አለች ዝግ ብላ። «ልጇን ታቅፋ ተኝታለች፤ ደስ ብሏታል። እኔ ግን አልተውኩትም።»

ብርቅዬ በየጠዋቱ ለራሷ የምትላትን ነገር ከአዴ ብርሃኔ አፍ ስትሰማት አፈረች። እሳቸው የሚተዉት ነገር አላቸው፤ የተበደሉት እሳቸው ናቸው። እሷ የማንን ነገር ነው እስከ ዛሬ ስትተው የከረመችው?

ከበሩ ጥግ አንድ እንስራ ቆሟል። በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ባዶ ነው።

«ውሃ የላችሁም?»

«አራስ ብቻዋን ጥዬ እንዴት ልውረድ? አባዬ ማታ ሲመጣ እቀዳለሁ።»

ብርቅዬ ገሉን መሬት ላይ አስቀመጠችና እንስራውን አነሳች።

«ተዪው!» አለች ዱሬቲ።

«ከፈለግሽ ስደቢኝ። እንስራውን ግን ሳልቀዳ አልመልስም።»

በራሳቸው ደጅ ስታልፍ እናቷ ብቅ አለች። «እሳቱስ? የማንን እንስራ ነው የተሸከምሽው?»

«አራስ አለ እማዬ! አዴ ብርሃኔ ከወለዱ ቆይተዋል!»

አስካለማርያም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ነጠላዋን ልትፈልግ ወደ ውስጥ ገባች።

ምንጩ ዳር ወረፋው ረጅም ነበር። የአዴ ብርሃኔን እንስራ የማያውቀው የለም፤ ጆሮው ተሰብሮ በጠፍር የታሰረ ነው።

«ኧረ ጉድ!» አለች ፋሪዳ። «የባንዳዎቹን እንስራ መሸከም ጀመርሽ?»

«እናቴ ልካኝ ነው» የሚል ቃል የብርቅዬ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«አዴ ብርሃኔ ወልደዋል» አለች። «እንኳን ማርያም ማረችዎ ያላቸው ሰው የለም።»

«ባንዳ ቤት ማን ይሄዳል?» አለች አጠገቧ የቆመችው አልማዜ።

«ባንዳ ያልኩት እኔ ነኝ። የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም።» ድምጿን ከፍ አደረገችው። «ያን ቀን ዳቦውን በልቼዋለሁ። ፋሪዳ ስታየኝ አፈርኩና በዱሬቲ ላይ ወረወርኩት። ቱሉ የሠራው ነገር የለም።»

ፋሪዳ ትስቃለች ብላ ጠበቀች። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻል ነበር።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽ?» አለች ፋሪዳ። «እኔ እኮ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። እናቴ ደግሞ ለስንቱ ተናገረች!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን ማን ይመልሰዋል?»

ተራዋ ሲደርስ ብርቅዬ እንስራውን ወደ ምንጩ አስጠጋች። ስትቀዳም ሰው አልቀረባት። በሌላ ቀን አንዷ እንስራውን ከፍ አድርጋ ታሸክማት ነበር፤ ዛሬ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ጠፍሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ እንደምንም ብቻዋን ተነሳች።

ስትመለስ የእናቷን ድምፅ ከእነ ዱሬቲ ቤት ሰማችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ብርሃኔ! እኔን ዓይኔን ያጥፋው!» ትላለች፣ እያለቀሰች።

ዱሬቲ እንስራውን ደጅ ላይ ተቀበለቻት። ብርቅዬ «ነገርኳቸው እኮ» ልትል አፏን ከፈተች። ብትል ዱሬቲ ማመስገን ይኖርባት ይሆናል። ምስጋናም ልትቀበል? አፏን መልሳ ዘጋችው።

«አትገቢም?» አለች ዱሬቲ ወደ ሌላ ወገን እያየች።

«አንቺ እንድገባ ትፈልጊያለሽ?»

ዱሬቲ ትንሽ አሰበች። «ዛሬ አልፈልግም።»

«እሺ። ውሃው መቼ ነው የሚያልቅባችሁ?»

«ጠዋት ነው።»

ብርቅዬ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤቷ አቀናች። ዝናቡ እንደገና ማካፋት ጀመረ። ነገ ሰው ሳይነሳ፣ ጎህ ሳይቀድ ወርዳ ብትቀዳ ማንም አያያትም፤ ማንም ምንም አይላትም። ጥቂት መንገድ ይህን ስታስብ ሄደች። ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች፤ ወረፋው ረጅም በሚሆንበት፣ ሁሉም በሚሰበሰብበት ሰዓት ትወርዳለች።