የኩሬው ገመድ

የሰይዶን አስከሬን ከኩሬው ያወጡት በማለዳ ነው።

ኩሬው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ገበሬው ለድርቅ እንዲዘጋጅ በተሰጠ ድጋፍ የተቆፈረ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ፕላስቲኩ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ስለዚህ ሰይዶ ዳሩ ላይ ችካል ተክሎ፣ የወደቀ ይዞት እንዲወጣ የቃጫ ገመድ ወደ ውሃው ለቆ ነበር። ያን ማለዳ ገመዱ የለም።

«ገዳዩ ከድሮ ነው!» አለች ሚስቱ ሃሊማ፣ በባሏ ወንድም በከድሮ ላይ ጣቷን ቀስራ። «በውሃው የተነሣ ተጣልተው፣ ‹ትሰምጥበታለህ› ብሎታል!»

«በንዴት ነው ያልኩት፤ ወላሂ!» አለ ከድሮ።

ኢንስፔክተር ወይንሸት ኩሬውን ዞረች። የቦቲ ተረከዝ ዱካ ዳሩ ላይ ከቀረው ባልዲ አጠገብ ጀምሮ ቁልቁል ተንሸራቷል። የጥፍር ጭረት ከችካሉ ሥር ብቻ አለ። ቀና ስትል፣ በሁለት ባሕር ዛፎች ላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ የቃጫ ክር ቅርፊቱን ይዞ ቀርቷል።

«እዚያ ላይ ከብት ይታሰራል እንዴ?»

«ግመል ካልሆነ» አለ ከድሮ፤ ወዲያው በቀልዱ አፈረ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በለቅሶው ድንኳን ሰበሰበቻቸው። ኩሬውን ያስቆፈረው ፕሮጀክት ባለሙያ ባልቻም ለማስተዛዘን መጥቶ ነበር።

«አቶ ባልቻ፣ ትናንት ኩሬውን ሊጎበኙ ለመጡት እንግዶች የሰቀላችሁት ባነር የት ነው?»

«መኪናው ላይ።»

ባነሩ ተጠቅልሎ መጣ። የታሰረው በቃጫ ገመድ ነው።

«ሰይዶን የገፋው የለም» አለች ወይንሸት። «ገና ሳይነጋ ለበርበሬ ችግኙ ውሃ ሲቀዳ እግሩ ከዳው። ከችካሉ ሥር የቧጠጠው ገመዱን ሲፈልግ ነው። ባነሩ ሲሰቀል ሰይዶ እንግዶቹን ሊቀበል አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ስለነበር፣ ገመዱ መነሣቱን አላወቀም። ባነሩ ሲወርድም ገመዱ አብሮ ተጠቅልሎ ሄደ።»

«እመልሳለሁ ብዬ ነበር» አለ ባልቻ። «እንግዶቹ ሲጣደፉ ረሳሁት።»

«ከችካሉ ማን ፈታልዎት?»



«እኔ» አለች ሃሊማ። «ቋጠሮው አስቸገረው። ‹ቶሎ በይ፣ ደረሱ› አለኝ። ፈታሁለት። መልሶ ያሰረው መስሎኝ ነበር።» ሁለት እጇን ዘረጋች። «እሰሪኝ፣ እህቴ።»

ወይንሸት የሃሊማን እጆች ያዘች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

በማግስቱ ችግኙ መጠውለግ ጀመረ። ዝናብ የለም፤ ከኩሬው በቀር ሌላ ውሃም የለም። ከድሮ ገመዱን መልሶ ችካሉ ላይ አሰረና ባልዲውን ይዞ ወረደ። ሃሊማ ዳር ቆማ ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ቋጠሮውን አላመነችውም።