ያልተሰማው ሸክላ

የሙዚቃ ሐያሲው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ትርፍ የስፒከር ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጉልበቱ ላይ ማስታወሻ ደብተሩ ተዘርግቷል።

መርማሪዋ አነበበችው። «አንደኛ ዘፈን፦ ከበሮው ይሮጣል፣ የት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ሁለተኛ፦ ቤዙ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ሰው ግን አይነካም። ሦስተኛ፦ ያው ከበሮ ተቆራርጦ ተመልሶ መጣ። ይህ ሰው» እዚህ ላይ ብዕሩ ቆሟል። ሟቹን ሳታውቀው ጠላችው፤ አጻጻፉን ግን ወደደችለት።

የሟቹ የእህት ባል በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ሙዚቃው ጠዋት ሙሉ ሲንጫጫ ነበር» አለች እህትየው። «ወንድሜ አንዱን ዘፈን ሳይጽፍበት ወደሚቀጥለው አያልፍም። ሙዚቃው ሲያልቅ ነው ባለቤቴ ከሥራ የገባው። እና ወንድሜ እስከዚያ በሕይወት ስለነበር ገዳዩ እሱ ነው ይሉኛል!»

«ከሟቹ ጋር ይጣሉ ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«በዚህ ጫጫታ ያልተጣላው ማን አለ?» አለ ባልየው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሦስተኛው ሰው ሟቹ ሲሰማው የነበረውን አልበም ያሰናዳው ዲጄ ነው። አምስት ዓመት የለፋበት የጃንግልና የድራም ኤንድ ቤዝ፣ ማለትም ከበሮው የሚጣደፍ የጭፈራ ሙዚቃ ስብስብ፣ በሁለት ሸክላ። የሐያሲው ፍርድ ነገ በሬዲዮ ሊነበብ ነበር።

«ናሙናውን ሰጥቼው፣ የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ወጣሁ» አለ ፊቱን አጥቁሮ። «ከኔ በቀር የሰማው የለም።»

ማጫወቻው ላይ የቀረው ሁለተኛው ሸክላ ነው፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጫወት የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለበትም። የማጫወቻው የፍጥነት መምረጫ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ላይ ቆሟል። መርማሪዋ አንደኛውን ሸክላ በዚያው ፍጥነት ሞከረችው፤ እንዳበደ ሰው ለፈለፈ። ወደ ሠላሳ ሦስት ስትመልሰው መልክ ያዘ።

ሦስቱንም ሰዎች ሰብስባ አስቀመጠችና ሁለተኛውን ሸክላ ሆን ብላ በሠላሳ ሦስት ለቀቀችው።

«ይሄኛውስ ለሰው ጆሮ ነው» አለ ባልየው። ዲጄውን ግን ወንበሩ ቆረቆረው።

«ሟቹ ሳይጽፍ አያልፍም» አለች መርማሪዋ። «ጽሑፉ የቆመው አንደኛው ሸክላ ሦስተኛ ዘፈን ላይ ነው። ያኔ ባልየው ሥራ ላይ ነበር፤ አለቃው መስክሯል። ሸክላ ደግሞ በራሱ አይቀየርም። ሟቹ በሕይወት ያለ እንዲመስል ሁለተኛውን የጫነ ሌላ እጅ አለ። ያ እጅ...»

«ኧረ አስተካክዪው!» ዲጄው ተስፈንጥሮ ተነሳና መምረጫውን ወደ አርባ አምስት ገፋው። ከበሮው ክፍሉን ሞላው።

«ጠዋትም እንዲሁ አደረግክ» አለችው። «እነዚህ ሁለቱ እንኳን ፍጥነቱን፣ ዘፈን መሆኑንም አይለዩም። አንተ ግን ሬሳ አጠገብ ቆመህም ሥራህ ተበላሽቶ እንዲሰማ አልፈቀድክም።»

«ጥሩ ጥሩውን ሁለተኛው ላይ ነበር ያደረግኩት!» ብሎ ጮኸ። «እሱን ቢሰማ ኖሮ እንደዚያ አይጽፍም ነበር!»

እህትየው መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ሁለተኛው ሸክላ ላይ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ነበር የቀረው» አለችው። «ብትታገሠው ምን ነበረበት?»