ሁልጊዜ «ቅደሙ» የሚለው ሰው

ኤልስዎርዝ ፔቲፎርድ ከቢሮው ደረጃ ግርጌ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ግራጫ ሱፉ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተፈታም፤ ክራቫቱም እንደታሰረ ነው። ሞትም ቢሆን ያንን ሰው ማዝረክረክ አልቻለም።

«ወድቆ ነው፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ ሳጅን ብሬነን፣ መርማሪ ኢሞጂን ቴት ገና በሩን አልፋ ሳትገባ። «ምሳው ላይ ደህና አድርጎ ጠጥቶ ይሆናል። እነዚህ የድሮ ኳስ ተጫዋቾች መቼ ከመጠጥ ተለይተው ያውቃሉ!»

ኢሞጂን ጎንበስ ብላ የሟቹን አፍ አሸተተች። ከከረሜላ በቀር ሌላ ሽታ የለውም። ቀና ስትል ግን ፊቷን ሀፍረት ለበለባት። ነጭ ሰው አንድ ቃል ስለተናገረ፣ እሷ ጥቁሯ ሴት፣ የዲትሮይት ጥቁር ሁሉ የሚኮራበትን ሰው አፍ ታሽትት! ብሬነን ደግሞ አይቷታል፤ በከንፈሩ ጫፍ ሳቅ ብሏል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ፔቲፎርድን በዚያ ከተማ የማያውቅ አልነበረም። የራስ ቁር ደፍተው እንደ በሬ በሚጋጩበት በአሜሪካኖቹ እግር ኳስ የኋላ ተከላካይ ነበር። ጉልበቱ ሲደቅቅ ጫማውን ሰቀለ። በ1970ዎቹ ጥቁር ልጅ ሜዳ ላይ አጥንቱን ይሰብራል እንጂ፣ ስለ ውሉ ከቡድን ባለቤት ፊት ተቀምጦ የሚከራከርለት ወኪል ያው ነጭ ነው። ፔቲፎርድ «እኔ ምን ጎደለኝ?» ብሎ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ቢሮ ከፈተ። የሳቀበት ብዙ ነው። እሱ ግን እያደር ሳቁን ሁሉ አስዋጣቸው።

አሁን «ሰክሮ ወደቀ» ተብሎ ከተጻፈ ጋዜጣው ይቀባበለዋል፤ የቡድን ባለቤቶችም «ድሮስ ምን ብለን ነበር?» ይላሉ። እሱን ያመኑ ልጆች በየነጩ ወኪል ደጅ ይበተናሉ። የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ቃል አፈር ሊበላ ነው። ኢሞጂን ይህን ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም።

ሬሳውን እንደገና ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የገደለው ምት ከማጅራቱ በላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ጭረት የለም፤ መዳፎቹም ንጹህ ናቸው። ጫማው ደግሞ ጉድ ነው፤ ተረከዙ ምንም አልተነካም፣ ጫፉ ግን ተፍቆ አልቋል፤ በቀለም ተደብቋል። ወደ ቢሮው ወጣች። ክፍሉን ሁሉ አቧራ ለብሶታል፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው የማሞቂያ ብረት አንድ ጥግ ግን ተወልውሏል።

ዕለቱ ሰኞ ስለነበር ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። የመንገዱ በር ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከሰዓት በኋላ በየተራ ብቅ ብለን ሄደናል አሉ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሸሪኩን ጠበቃ ሃስኬልን ነው። ቀጭን ነጭ ሰው ነው፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። ያን ቀን እንደቀላ ዋለ።

«ከቡድን ባለቤቶች ጋር የሚከራከረው ማን ነበር ሚስተር ሃስኬል?»

«አሁንማ እሱ ራሱ ነው።»

«ድሮስ?»

ጠበቃው ጣቶቹን አፍተለተለ። «ድሮ እኔ እገባ ነበር። የምናገረውን ሁሉ ቃል በቃል ያስጠናኝና እሱ መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል። ሹፌሬ ይመስላቸው ነበር።»

«አንተስ አይደለም አላልክም?»

«አላልኩም» አለ።

«የጫማው ጫፍ ለምን እንዲህ አለቀ?»

ሃስኬል ደነገጠ። «አንድ ቀን ባርኔጣዬን ረስቼ ስመለስ ማየት የሌለብኝን አየሁ። እሱም እንዳየሁት አየኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። የሰው ገመና ነው እመቤቴ፤ አልናገርም።»

ሚስቱ ቨርኔታ አላለቀሰችም። ኢሞጂን ስለ ጫማው ስትጠይቃት ቆጣ አለች።

«እህቴ፣ ባሌ ቢሞትም ባሌ ነው። እሱ የሸፈነውን እኔ አልገልጥም።»

«ገዳዩ ቢያመልጥስ?»

«ወድቆ ነው ተብሏል አይደል? ወድቆ ይሁን!»

እንዲህ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሦስተኛው ኮርዴል ባይነም ነው። ፔቲፎርድ የሚወክለው የዓመቱ ኮከብ፣ ሕፃን ሁሉ ስሙን የሚጠራው፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች። ያ ግዙፍ ትከሻ በለቅሶ ይናጣል።

«አጎቴ ነበር እኮ! ሥጋ ዘመዴ አይደለም፤ ግን አጎቴ ነው። ከኮሌጅ ስወጣ እሱ ቤት ነው የኖርኩት። የእማማ ቨርኔታን ዶሮ ጥብስ ስጨርስባቸው "ይሄ ልጅ እኛንም ይበላናል" ይል ነበር።»

«እዚህስ ቶሎ ቶሎ ትመጣ ነበር?»

«ሁልጊዜ ነዋ! ስንወርድ "ቅደም ልጄ" ይለኛል። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው፤ ጨዋ ሰው። እኔ እየዘለልኩ እወርዳለሁ፤ እሱ ከኋላ ይመጣል።»

«ታዲያ ምን አገኘው ትላለህ?»

«ቸኩሎ ይሆናላ። እየሮጠ ሲወርድ እግሩን አዳለጠውና…» እንባው አቋረጠው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለኢሞጂን ግን እዚያው ጠራላት። ደስ አላላትም። ይልቅ ያ ልጅ ባይሆን ብላ ተመኘች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የቤተ ክርስቲያን እናቶች ያመጡት የዶሮ ጥብስና የስኳር ድንች ኬክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የነካው የለም። ብሬነን በሩን ተደግፎ «ቶሎ ጨርሺልን» አላት።

«እጨርሳለሁ። ሟቹ አልጠጣም። ደረጃ ላይም አልወደቀም። ጭንቅላቱ የተመታው ከኋላ ነው፣ ከዚያ ከተወለወለው ብረት ጋር ተላትሞ። ወደ ፊት የወደቀ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ፊቱም ይጋጣል። የእሱ ግን ምንም አልሆነም። ሰው ነው አውርዶ በአፍጢሙ ያስተኛው፤ ሲወርድ ተደናቅፎ እንዲመስል።»

«ማንም ሊሆን ይችላላ!» አለ ብሬነን።

«አይችልም። እህቴ ቨርኔታ፣ የጫማውን ነገር እኔ ደርሼበታለሁ። ስሙ በስካር ከሚጠፋ ይህ ቢነገር አይሻልም?»

ቨርኔታ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ጉልበቱ አይታጠፍለትም ነበር። ደረጃ የሚወርደው ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ነው፤ የኋልዮሽ፣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በጫማው ጫፍ እየዳበሰ። ልክ እንደ ሕፃን። "ሜዳ ላይም እንጀራዬ የኋልዮሽ ሩጫ ነበር" ብሎ ይቀልድልኛል። ሰው ፊት ግን ይሞታታል እንጂ አያደርጋትም። "እንደዚህ ካዩኝ ነገ ማን ፊት ቆሜ እከራከራለሁ?" ይላል። ለዚህ ነው ሁሉንም ቅደሙ የሚለው።»

«እኔም ያየሁት ያንኑ ነው» አለ ሃስኬል፣ ጆሮው ፍም መስሎ።

«እንዲህ የሚወርድ ሰው ቢወድቅ በጀርባው ነው የሚወድቀው» ቀጠለች ኢሞጂን። «ቁስሉም ከኋላው ነው። ገዳዩ በጀርባው አጋድሞት ቢሆን እኔም አምኜ በሄድኩ ነበር። በአፍጢሙ የደፋው አወራረዱን ስለማያውቅ ነው። ሚስቱ ታውቃለች፤ ሃስኬል አይቷል። የፔቲፎርዶች ቤት ደረጃ የለውም፤ እዚያ ስለኖረ ብቻ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ያንን የሚያህል ሰውም ሳይጎትት ተሸክሞ ያወረደው ጉልበተኛ ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት "ቅደም" ሲልህ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለህ አላየኸውም ኮርዴል።»

ኮርዴል ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ልለየው ነበር የመጣሁት» አለ። «የቡድኑ ባለቤት "ነጭ ወኪል ይዘህ ና፣ ያኔ እንደ ሰው እንነጋገራለን" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ አልኩት እኮ! ለአጎቴ ስነግረው ይሰድበኛል፣ በጥፊ ይለኛል ብዬ ነበር።»

«እሱስ?»

«አልተቆጣም። ዓይኔን እንኳ አላየም። "ግድ የለም፣ ሃስኬል ይግባልህ፤ እኔ እንደ ድሮው መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ለምጄዋለሁ። ብቻ አትለየኝ" አለኝ። ያ ሰው! እኔን አትዋረድ እያለ ያሳደገኝ ሰው! በኔ ምክንያት እንደዚያ ሲሆን ማየት አልቻልኩም። "ለምን ትለማመጠኛለህ!" ብዬ ገፋሁት። መግደል አልነበረም ሐሳቤ፤ እንዲህ ማለቱን እንዲተው ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

ብሬነን ኮፍያውን አወለቀ። ቨርኔታ ወደ ኮርዴል ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«አተኛኘቱን ሳይ ሰው እንዳስተኛው አውቄ ነበር» አለች። «ጉልበቱን ላለማጋለጥ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ትሆናለህ ብዬ ግን ለአፍታም አላሰብኩም። ለምን ወደኔ አልሮጥክም? ለምን አልጠራኸኝም?»

«አፈርኩ እማማ።»

ቨርኔታ አፏን በመሐረብ ያዘች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ኢሞጂን ካቴናውን አወጣች። ጋዜጣው ነገ ስካር አይልም፤ የሚለው ግን ከስካር የከፋ ነው። እውነቱን በማውጣቷ አልኮራችም።

«ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ» አለችው። «ማን ይናገርልህ?»

ሃስኬል «እኔ ብቆምለት…» ብሎ ጀመረ። ኮርዴል ሳያየው እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

«የሚናገርልኝ ሰው እሱ ነበር» አለ።