ክዳኑን የማይጠይቀው በር

ኢንስፔክተር ሌሊሴ ኮልፌ ወደሚገኘው የጀማል ዳቦ ቤት ስትደርስ ሟቹ ጀማል ከሊጥ ማቡኪያው ገንዳ ወጥቶ አንሶላ ለብሶ ነበር። ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ ገንዳውን ሲፍቅ ማሽኑ ድንገት ተነሳና የአንገት ፎጣውን ጠምጥሞ ወሰደው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ፖሊሶች ግን ገዳዩን ይዘው ጠበቋት። ሌሊሴ ተጠቅልሎ የተሰጣትን ተጠርጣሪ አትወድም፤ ሥራዋን ሠርቶ የሚጠብቃትን ሰው ሁሉ ትጠረጥራለች።

የተያዘው ገመቹ ይባላል፤ ማሽኖቹን የሚያዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው ወጣት ነው። ካቴና እጁ ላይ ሆኖ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉት። እባካችሁ፣ ማንም እንዳይነካው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ኢርፋን ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ወንድሜን የገደለ ማሽን እስካሁን መብራት አለው ወይ፣ ሁሉም ይጥፋ እያለ ሁለት ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ ሁለቴም ፖሊሶቹ መለሱት።

ሌሊሴ ገመቹን ለብቻው አስቀምጣ ጠየቀችው። ፕሮግራሙ ውስጥ ማቡኪያውን የሚወክል ኦብጀክት የሚባል አንድ ክፍል እንዳለ ነገራት፤ የሊጡን ሙቀት ያውቃል፣ አስነሳ ሲሉት ማሽኑን ያስነሳል። ድሮ የሚያነጋግረው ማሽኑ ላይ ያለው ስክሪን ብቻ ነበር።

«ጋሽ ጀማል ሙቀቱን ቤቴ ሆኜ በስልክ ልየው አሉኝ» አለ። «ፕሮግራሙን ላቁም ብል የተጀመረው ሊጥ ይበላሻል። ስለዚህ እየሠራ ሳለ ለዚያው ኦብጀክት በኔትወርኩ ላይ አድራሻ ሰጠሁት።»

«ሙቀቱን ብቻ?»

ገመቹ አንገቱን ደፋ። «እንዳለ ነው ያወጣሁት። ማስነሻውም አብሮ ወጣ።»

«ክዳኑ ከተከፈተ አይነሳም ይላሉ።»

«ክዳኑን የሚጠይቀው ስክሪኑ ነው። ኦብጀክቱ አይጠይቅም። በስልክ የመጣ ትእዛዝ ስክሪኑን ሳይነካ ይገባል። ይህ የገባኝ ዛሬ ነው።»

ፕሮግራሙ ቢጠፋስ አለችው። አድራሻውም፣ ያዘዘው ስልክ መለያም አብረው እንደሚጠፉ፣ የትም ፋይል ላይ እንዳልተጻፉ ነገራት። ሌሊሴ ከመምሪያው የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠርታ ወደ ሟቹ ሚስት ሄደች።

ሰብሪያ ገመቹን እየረገመች ታለቅሳለች። ከልጆቿ ለይታ ሳታየው ስንት ዓመት አብልታዋለች። ጀማል ዳቦ ቤቱን በእሷ ስም ሊያዞር መወሰኑን ለቤተሰቡ የተናገረው በቅርቡ ነበር፤ ለዚህ ቤት ወጣትነቱን የሰጠው ኢርፋንም ሰምቶ ጥሎ ወጣ። ሌሊሴ ገንዳውን ማን እንደሚፍቅ ጠየቀቻት።

«ሁላችንም። እጃችንን ሰደን ነው፤ ክዳኑን እናምነዋለን። ኢርፋን ብቻ ሰሞኑን የመብራቱን ብሬከር ካላጠፋ አይነካውም። ጀማል ፈሪ እያለ ይቀልድበት ነበር።»

ኢርፋን ማሽኑ ሲነሳ ደጅ ላይ ዱቄት እያስወረደ እንደነበር ተናገረ። ወዛደሮቹም መሰከሩለት፤ ስልኩን እየነካካ አይተውታል። ስለ ገመቹ አድራሻ ግን የሰማሁት ዛሬ ነው አለ።

ባለሙያው ሲመጣ ሌሊሴ ሁሉንም ማቡኪያው አጠገብ ሰበሰበች።

«ገመቹ ገድሎ ቢሆን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ደስ ይለዋል» አለች። «ማስረጃው አብሮ ይጠፋለታልና። እሱ ግን አድኑልኝ ይላል። እሺ፣ ሌላ ሰው ነው። ማሽኑ ክዳኑ ተከፍቶም እንደሚነሳ ከዛሬ በፊት ማን ያውቅ ነበር? ጀማል አያውቅም፤ ቢያውቅ እጁን አይሰድም። ሰብሪያም ሠራተኞቹም አያውቁም፤ እነሱም ይሰዳሉ። ብሬከር የሚያጠፋ ግን አንድ ሰው አለ።»

«ጥንቃቄ ነው» አለ ኢርፋን።

«ጥንቃቄ ለወንድም ይነገራል።»

ከዚያ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ፊቷ አስቀመጠችና ባለሙያውን በዓይኗ ጠቀሰችው። ኦብጀክቱ ገና በሕይወት ነበር፤ መጨረሻ ያዘዘውን ስልክ መለያ ሲጠይቁት መለሰ። የኢርፋን ስልክ ነበር።

ኢርፋን ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ሰሞኑን እሱ ገንዳውን ሲፍቅ ጀማል ቤቱ ሆኖ ሳያውቅ ስልኩን ሲነካካ ማሽኑ መነሳቱን፣ እጁን ስቦ ለጥቂት ማትረፉን ተናገረ። ማታውን ጀማል ሙቀቱን እይ ብሎ ስልኩን ሲያሳየው ነገሩ ገባው፤ አድራሻውንም ወደ ራሱ ስልክ ላከ። ዛሬ ጠዋት ጀማል ሊፍቅ ሲገባ አይቶ ከደጅ ሆኖ አዘዘ።

«ለምን አልነገርከውም?» አለች ሰብሪያ።

ፖሊሶቹ ኢርፋንን ይዘውት ወጡ። ሌሊሴ የገመቹን ካቴና ፈታች። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እትዬ ሰብሪያ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሰብሪያ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች። ሌሊሴ በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥፋተኛ አይታለች፤ ለዚህኛው ግን ምን እንደሚባል እሷም አላወቀችም።

«እሱ አስቦ ነው፣ አንተ ሳታስብ ነው» አለች ሰብሪያ። «አንድ አይደላችሁም። ዛሬ ግን ፊትህን ማየት አልችልም። ከቀብሩ ግን እንዳትቀር።»